በነሐሴ ሥላሴ የቆጠርኩት ባቄላ

ኮሌጃችን የክብር ፕሮግራም ሊጀምር ነው የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት ማናችንም ምን እንደሆነ አላወቅንም። መካነ ሰላም ግቢ ውስጥ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ወይ ውሃ ይቋረጣል ወይ ፈተና ይራዘማል፤ ከዚያ ውጪ አልለመደብንም። ተገፋፍተን ቀርበን ስናነብ "በትምህርታቸው ብልጫ ላላቸው የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች" ይላል። ከኋላዬ የቆመ የክፍላችን ልጅ "ብልጫ ላላቸው ተጨማሪ ቅጣት ማለት ነው" አለና ሁላችንም ሳቅን።

በኋላ ሳስበው ልጁ ብዙም አልተሳሳተም። ከመደበኛው ትምህርት ላይ ተጨማሪ ኮርስ አለው። ሌላው ተማሪ ቅዳሜ ልብሱን ሲያጥብ፣ የክብር ፕሮግራሙ ተማሪ ተቀምጦ ሲከራከር ይውላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ በራሱ እጅ የሠራውን ጥናት በመምህራን ፊት አቅርቦ ለጥያቄው ሁሉ መልስ መስጠት አለበት። ነጥቡ ከተወሰነለት በታች የወረደ ይሰናበታል፤ ጥናቱን ያላሟላም እንዲሁ። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚሰጠው ዲግሪው ላይ "በክብር" የምትል አንዲት ቃል ናት። ዕድል የቀናውን ደግሞ ኮሌጁ ረዳት መምህር አድርጎ ያስቀረዋል ይባል ነበር።

ተመዘገብኩ። ለምን ብትሉኝ፣ እልህ ነው። እልሁ ደግሞ ከሌላ ከማንም ጋር አልነበረም፣ ከአባቴ ጋር ነው።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ቄስም ሆነው ገበሬ ናቸው። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ጥቂት በመኪና ተሄዶ፣ ከዚያ ተወርዶ አቀበቱ በእግር ነው። ለአባቴ ሥራ ማለት ወገብ የሚያሳምም ነገር ነው። ቅዳሴው እንኳ እሳቸው ዘንድ አገልግሎት ነው እንጂ ሥራ አይባልም። ሥራ ማረስ ነው፣ ማረም ነው፣ ማጨድ ነው። እኔ ለዕረፍት ገብቼ መጽሐፍ ይዤ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ ካዩኝ "እስቲ ተነሥተሽ ጥጆቹን መልሻቸው" ይሉኛል። "አባ፣ እያነበብኩ'ኮ ነው" ስላቸው "አውቃለሁ፤ ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ብዬ ነው" ይላሉ። ክፋት የለባቸውም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑማ በተጣላኋቸውና በወጣልኝ።

ስለ ክብር ፕሮግራሙ የነገርኳቸው ለፋሲካ ቤት የገባሁ ጊዜ ነው። ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ፤ ተጨማሪ ኮርሱን፣ የቅዳሜውን ክርክር፣ ጥናቱን። እስክጨርስ አዳመጡኝና "በእንጀራ ላይ እንጀራ ደራርበሽ ወጡን የት ልታፈሺው ነው?" አሉ። እናቴ ሳቋን ልትይዝ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። ደሜ ፈላ። ያኔ ነው እጨርሰዋለሁ ያልኩት። ጨርሼ ምን እንደማሳያቸው ግን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ለኔ መከራ ነበሩ። መምህሩ አንድ ጽሑፍ ያድለንና "ስህተቱን ፈልጉ" ይለናል። ጽሑፉ የታተመ፣ የተማረ ሰው የጻፈው ነው። እኔ ደግሞ ቄስ ቤት ያደግኩ ነኝ፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን መሬት ነው የሚያየው፤ እንኳን ስህተቱን ልነግረው ቀና ብዬም አላየው። ከከተማ የመጡት ልጆች እጃቸውን እያወጡ ይዘረግፉታል። እኔ የማውቀውን ይዤ እንደ ጎረሰ ሰው ተቀምጬ እወጣለሁ። አንድ ቅዳሜ መምህሩ "አንቺስ? ሁልጊዜ ትስማሚያለሽ?" ሲለኝ እንዴት እንደወጣ ሳላውቀው "አልስማማም፣ ገጠር ኖሮ የሚያውቅ ሰው አይደለም የጻፈው" አልኩ። መምህሩ "ቀጥይ" አለኝ። ቀጠልኩ፤ ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመኝ። የዶርሜ ልጆች "ቅዳሜ ቅዳሜ ያስለመዱሽን ክርክር እኛ ላይ አታምጪው" እያሉ ያማርሩኝ ጀመር።

ስንጀምር ክፍሉ ሞልቶ ነበር። አንዳንዱ ነጥቡ ወረደ፣ አንዳንዱ ሰለቸው፣ አንዷ አግብታ ወረኢሉ ሄደች። ወደ መጨረሻው ስንቃረብ አንድ አግዳሚ ወንበር የሚበቃን ያህል ቀረን። እኔ ከቀሩት አንዷ ነኝ፤ ግን ዋናው ነገር ገና ነበር፣ ጥናቱ።

አማካሪዬ ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይርቅ መምህር ነበር። የእፅዋት ሳይንስ ተማሪ ስለሆንኩ ስለ ባቄላ ላጠና ተስማማን። በእኛ አገር ባቄላ ቅጠሉን የሚያኮማትር በሽታ ይዞታል፤ ገበሬው ሁሉ የሚያዝንበት ነገር ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ጠጋ ጠጋ ተደርጎ የተዘራውና ራቅ ራቅ ተደርጎ የተዘራው እኩል ይታመም እንደሆነ ነው። ለዚህ ደግሞ ክረምቱን በሙሉ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በሐሙስ፣ እየሄድኩ የታመመውን ቅጠል መቁጠር አለብኝ። አማካሪዬ ሲያሰናብተኝ ጣቱን ቀስሮ "አንድ ሳምንት ከዘለልሽ መረጃሽ ጥርሱ የወለቀ አፍ ነው። ፈታኞቹ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚገቡብሽ" አለኝ። ገባኝ። ቆጠራው ከተቋረጠ ጥናት የለም፣ ጥናት ከሌለ ክብር የለም።

መሬቱን የሰጡኝ የክርስትና እናቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን ለእኩል ነው የሚያሳርሱት። ከዳገቱ ሥር ካለው ማሳቸው ቁራሽ እንዲሰጡኝ ስለምናቸው "መርሃባ! እኔ እንደሆንኩ ጥርስ የለኝ፤ ባቄላ ከበላሁ ቆየሁ። አብሽሪ፣ እስኪበቃሽ ቁጠሪው" አሉኝ። መሬቱን በገመድ ከፋፍዬ፣ እንጨት ተክዬ፣ በመስመር ስዘራ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያፌዝብኛል። አንዱ "ድንኳን ልትጥዪ ነው እንዴ?" ይላል። ሌላው "ሠርግሽ መሆኑን ሳትነግሪን" ይላል። ሐምሌ ሲገባ ስሜ "ባቄላ ቆጣሪዋ" ሆኖ አረፈው። ሐሙስ ሐሙስ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ቅጠል ሳገላብጥ ያየኝ ሁሉ "ዛሬስ ስንት ታመመ? ጠይቀሽልናል?" እያለ ያልፋል። እኔም ምላሴ አያርፍ "አንተን ነው የጠየቀው፣ ደህና ነው ብያለሁ" እላለሁ። ዝናብ ሆነ፣ ብርድ ሆነ፣ አንድም ሐሙስ አልዘለልኩም።

ነሐሴ ላይ አንዱ ሐሙስ ከሥላሴ ጋር ገጠመ።

የእኛ ደብር ታቦት ሥላሴ ነው። በየወሩ በሰባት፣ የሥላሴ ዕለት፣ በእኛ ሰፈር ማንም አያርስም፣ አያርምም፣ ብረት ከአፈር አይገናኝም። ከተሻረ በረዶ ይመጣል። ይህን የምትሰሙት እንደ ተረት ይሆናል፤ እኛ ግን የምናወራው ስለ ጎተራችን ነው። በረዶ አንድ ጊዜ ከወረደ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ነገር ይዞ ይሄዳል። ሰው በዓል እንዳይሽር ጎረቤቱን የሚጠብቀው ቤቱን ከሌባ እንደሚጠብቀው ነው።

እኔስ ምን አሰብኩ? ብረት አልይዝም፤ አፈር አልቆፍርም፤ አረም አልነቅልም። ቅጠል አይቼ ቁጥር እጽፋለሁ። አባቴን ልጠይቅ ብዬ አስቤ ነበር፤ ደግሞ ምን ያስጠይቀኛል አልኩ። እሳቸው ራሳቸው አይደሉም እንዴ "ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ" የሚሉኝ? ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ በበዓል ይፈቀዳል። ፍልሰታ ስለሆነ ቅዳሴው የሚገባው ወደ ቀትር ነው፤ እኔ ጠዋት ሄጄ፣ ቆጥሬ፣ ለቅዳሴው ደረስኩ። ማሳው ዳር አንድ ጎረቤታችን ሲያልፍ "እንደምን አደርሽ" አለኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ያፌዝብኝ ነበር። የዚያን ዕለት ቆም ብሎ አየኝና ሄደ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በረዶው ወረደ።

ከቤት ስንወጣ የላይኛው ዳገት ነጭ ሆኖ ነው ያገኘነው። ስንዴው ተኝቷል፣ ገብሱ ተኝቷል፣ የባቄላው አገዳ ተሰባብሮ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። አንዲት ጎረቤታችን ማሳዋ መሐል ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ታያለች። በረዶ መንገድ መርጦ ነው የሚሄደው፤ የላይኛውን ደብድቦ ከዳገቱ ሥር ሲደርስ ወደ ገደሉ ታጠፈ። የክርስትና እናቴ ቁራሽ፣ ገመዷም እንጨቷም፣ እንደቆመች ናት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ያ የሥላሴ ዕለት ቆሞ ያየኝ ሰው ትዝ ሲለኝ ደስታዬ ሬት ሬት አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው የሚቀመጠው ሸንጎ ነው። ያየ ያየውን እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ወይራዎቹ ሥር ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በአንድ በኩል ተቀመጠ። ሸንጎውን የያዙት የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ለቅሶውንም ዕርቁንም የሚይዝልን ማኅበራችን ነው፤ የዳኛውን ቃል ደግሞ ማንም አይጥስም። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ያ ጎረቤታችን ብዙ አላስጠበቀም። ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና "እኔ ነገር ማቆየት አልወድም። በሥላሴ ጠዋት የቄሱን ልጅ ማሳ ውስጥ አይቻታለሁ። ብረት አልያዘችም። ጎንበስ ቀና ስትል ግን አይቻለሁ" አለ። የሰው ሁሉ አንገት ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ።

ዱብ ዱብ የሚል ነገር ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ "የእኛን ደብድቦ የእሷን መተዉ ምን ማለት ነው?" አለ። ሌላው "ጥፋተኛ ብትሆን መጀመሪያ የእሷን አይመታም ነበር?" ብሎ መለሰለት። ያኛው "ፈጣሪም ተማሪ ይፈራ ይሆናል" ሲል ያን ሁሉ ያጣ ሰው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። የክርስትና እናቴ ከሴቶቹ መሐል "አጃኢብ! ባቄላ ማየት ደግሞ ኃጢአት ሆነ?" ብለው ጮኹ። ዳኛው ዘንጋቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ዝም አሰኙና እኔን አስነሡኝ።

"ልጄ፣ በዕለቱ ማሳ ውስጥ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ሥራ ትሠሪ ነበር?"

"አልሠራሁም!" አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ። "ብረት አልያዝኩም፣ አፈር አልነካሁም። ቅጠል ነው ያየሁት። ይኼ ሥራ አይባልም።"

"ምንድን ነው ታዲያ የሚባለው?"

"ምንም። ዝም ብሎ ማየት ነው።"

የቅዳሜ ክርክር ያስተማረኝን ሁሉ የተጠቀምኩ መስሎኝ ነበር። አሸንፌያለሁ ብዬ ልቀመጥ ስል ዳኛው በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲያ ምን ያከራክረናል? ሥራ ካልሆነ ብትተዪው የሚጎድልብሽ የለም። እኛ ግን ፈርተናል፤ ክረምቱ ገና ነው፤ የቀረችን የታችኛዋ ማሳ ናት። እስከ አዝመራ ድረስ እግርሽ ማሳ አይርገጥ። ከዚህ ሌላ ቅጣት የለብሽም።"

ሰዉ "መልካም፣ ጥሩ ፍርድ ነው" አለ። ጥሩ ፍርድ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ በራሴ አፍ ገደል ገባሁ። እስከ አዝመራ ማሳ ካልረገጥኩ ቆጠራው አለቀ፤ ጥናቱ አለቀ፤ የሁለት ዓመቱ ቅዳሜ ሁሉ አለቀ። "ኧረ ትምህርቴ ነው፣ እንዲህማ አይሆንም" ማለት ጀመርኩ። አንዱ ሽማግሌ በደግነት "ትምህርትሽማ ኮሌጅ አለልሽ፣ ማን ነካብሽ?" አሉኝ። እንባዬ መጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለግኩም፣ ግን መጣ።

ያኔ አባቴ ተነሡ።

ሁሉም ምሕረት ሊለምኑልኝ መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር። መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩና "ልጄ የተናገረችው ውሸት ነው" አሉ።

ሸንጎው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

"ሥራ ነው የሠራችው" አሉ አባቴ። "እኔ ከላይ ሆኜ በየሐሙሱ አያታለሁ። ዝናብ ሲመታት አትነሣም። ስትጨርስ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትነሣ፤ ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ ይፈጅባታል። እኔም አርሼ ስፈታ የምነሣው እንደዚያ ነው። እና ያ ሥራ ካልሆነ የእኔም ሥራ አይደለም። እዚያ ማሳ ሌላ ሰው ገብቶ ቢያይ ማየት ነው፤ እሷ ስታይ ግን ሥራዋ ነው። በሥላሴ ቀን ሥራዋን ሠርታለች። በዓል ሽራለች። ትቀጣ።"

ዳኛው "አባታችን፣ በገዛ ልጅዎ?" አሉ።

"በገዛ ልጄ። ግን እኔም ልጠይቅ፤ በዓል የሻረ ገበሬ ሲገኝ ምንድን ነው ልማዳችን?"

"መቅጣት ነው።"

"ሞፈሩን ሰቅለንበት እናውቃለን? እስከ አዝመራ አትረስ ብለነው እናውቃለን?"

ዳኛው ትንሽ አሰቡ። "አናውቅም። ቅጣቱን ተቀጥቶ በማግስቱ ያርሳል።"

"እንግዲያ የእሷም እንደ ገበሬው ይሁን" ብለው አባቴ ተቀመጡ።

ከሴቶቹ በኩል የክርስትና እናቴ እልል ሊሉ ሲሉ ጎናቸው ያለችው ሴት አፋቸውን ያዘቻቸው፤ ጾም ነው፣ ሐዘንም ነው። ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋገሩና ፈረዱ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ማደሻ ከወንዙ ድንጋይ ላመላልስ፣ ማሳውም እንደ ሥራዬ ይቆይልኝ፣ በበዓል ግን ድርሽ እንዳልል። እኔ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። የተፈረደብኝን ያህል ተፈርዶልኝ አያውቅም። በዕድሜዬ ሙሉ ከአባቴ አፍ እንድሰማው የምፈልገው ነገር ይኸው ነበር፤ የሰማሁት ደግሞ በአገር ፊት፣ በጥፋተኝነት። ሳቄም ልቅሶዬም ተደባለቀብኝ።

ድንጋዩን ተሸከምኩ። ሰኞ ጀምሬ ከወንዙ እስከ ቅጥሩ ስመላለስ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ያያሉ። አንዴ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል "አባ፣ አንዷን እንኳ ቢቀበሉኝ ምን አለ?" አልኳቸው። "አስፈርጄ ደግሞ ላግዝሽ?" አሉኝ። ያቺ ማሳዋ መሐል ተቀምጣ ያየኋት ጎረቤታችን ግን አንድ ቀን መጥታ ትልቁን ድንጋይ ከእኔ ጋር በአንድ በኩል ያዘችልኝ። ማሳዋ ጠፍቶባት ለእኔ መምጣቷ አሳፈረኝ፤ ይቅርታ ልላት ብፈልግ ለምኑ እንደምል አላወቅኩም። አብረን አስቀመጥነውና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቆጠራዬ ሌላ ጠባቂ አገኘ። ነሐሴ ሳያልቅ ሌላው ሐሙስ ደግሞ ከማርያም ጋር ገጠመ። እኔ ገና ሳላስታውሰው አባቴ ረቡዕ በጠዋት መጥተው "ነገ ማርያም ናት፤ ሥራሽን ዛሬ ጨርሺ" አሉኝ። "አባ፣ በየሐሙሱ ነው መሆን ያለበት" ስላቸው "ገበሬም ዝናብ በመጣ ቀን ነው የሚዘራው" ብለው ሄዱ። ረቡዕ ቆጠርኩ። ከእንግዲህ ክርክር የለም፤ ተፈርዷል።

አማካሪዬ ቁጥሮቼን ሲያይ ፊቱ ተቋጠረ። አንዱ ሳምንት አጠረ፣ ተከታዩ ረዘመ፤ እኩል አይደሉም። "ማንም አያውቅም፣ ሐሙስ ብለሽ ጻፊው" የሚል ምክር የሰጠኝ የክፍል ጓደኛ ነበር። አልፈለግኩም። በዓሉን በዓል ብዬ ምክንያቱን ከነሙሉ ታሪኩ በጥናቱ ውስጥ ጻፍኩት። አማካሪዬ አነበበውና "ይቺ ገጽ ወይ ታድንሻለች ወይ ትገድልሻለች" አለኝ።

ጥናቱን ባቀረብኩበት ቀን ያቺን ቀዳዳ ለማግኘት ፈታኞቹ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከመካከላቸው አንደኛው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው "ቀኑን ለምን አዛነፍሽ?" አሉ።

"በዓል ነበር። አገሬው በበዓል ሥራ አይሠራም።"

"ቆጠራ'ኮ ነው። ቅጠል መቁጠርም ሥራ ነው?"

ወይራዎቹ ሥር የሆነው ሁሉ መጣብኝ። የዚያን ጊዜ ያልኩትን አልደገምኩም። "ሥራ ነው፤ ሥራ ነው ተብሎ ተፈርዶብኝ ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ" አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን የምር አፋጠጡኝ፤ የቀኑ መዛነፍ ውጤቱን ይለውጥ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁኝ። እንደማይለውጠው በቁጥር አሳየሁ። ራቅ ራቅ ተደርጎ የተዘራው ባቄላ ያነሰ ታምሞ ነበር፤ ያ ነው የተገኘው፣ ዓለምን የሚገለብጥ ነገር አይደለም። አለፍኩ። ዲግሪዬ ላይ "በክብር" የምትለዋ ቃል አለች። የክርስትና እናቴም በሚቀጥለው ክረምት ያቺን ቁራሽ የሚያርስላቸውን ሰው "ራቅ አድርገህ ዝራ፣ ተጠንቷል" ብለው እንዳስጨነቁት ሰማሁ።

የረዳት መምህርነቱ ነገር እስካሁን አልለየለትም። ቦታ ሲከፈት እንጠራሻለን ተብያለሁ። እስከዚያው ቤት ሆኜ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ፈተናው ቀርቧል፤ የሚነበበው ደግሞ ብዙ ነው። ባለፈው ከቅዳሴ መልስ ጊዜ አላባክንም ብዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። አባቴ ገቡ። አጠገቤ ቆሙና መጽሐፉን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ዛሬ ጊዮርጊስ ነው" አሉኝ።

"አባ፣ ፈተናዬ'ኮ ደርሷል። ደግሞ ማንበብ ብቻ ነው።"

"ሥራሽ አይደለም?"

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። አንዲት ቃል ብናገር ቀኑን ሙሉ አነብ ነበር። ተናድጄባቸው ነበር፣ ወላሂ ተናድጄ ነበር፤ ግን ያቺ ቃል ከአፌ አልወጣ አለች።

"ነው" አልኳቸው፤ መጽሐፉንም ዘግቼ አስቀመጥኩት።